እናቴ ጫጉላ ቤት ደርባ ማኅበር አወጣች

ፎቶው በቴሌግራም የደረሰኝ ሌሊት ነው። ዴልሂ ከአዲስ አበባ በሁለት ሰዓት ተኩል ትቀድማለች። ይሄን ለእናቴ ስንቴ እንዳስረዳኋት እግዜር ይወቀው፤ እሷ ግን "ገና በጊዜ ነው" ብላ የምትልከው ነገር ሁሉ እኔን ከእንቅልፌ ይቀሰቅሰኛል።

የኛ ሳሎን ነው። ወሩ በገባ በ21 የማርያም ማኅበር ተራው የእናቴ ነበር። ማኅበርተኛው ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ተቀምጧል፣ የነፍስ አባታችን መስቀላቸውን ይዘው ዳቦውን ይባርካሉ፣ እናቴ ደግሞ ፊታቸው ጎንበስ ብላ ዳቦውን ደግፋ ይዛለች። ለካሜራው የሰጠችው ጀርባዋን ነው። ጀርባዋ ላይ፣ ከትከሻዋ እስከ ወገቧ፣ እኔ የላክኩላት የህንድ ዱፓታ ተንጣሏል። ነጠላዋን ጥላ እሱን ነበር የደረበችው። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ "ሁሉም ወደዱት። አባም ሳይቀሩ ከየት ነው ብለው ጠየቁኝ።"

ደስ አለኝ። የዶርም ጓደኛዬም ነቅታ ስለነበር ስልኩን አቀበልኳት። ልጅቷ ከቢሃር ክፍለ ሀገር ናት፣ የዳርብሃንጋ ከተማ ልጅ። አየችው። በሁለት ጣቷ አጎላችው። ከዚያ አፏን በእጇ ያዘች፤ እየሳቀች መሆኑ የገባኝ አልጋዋ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ነው።

"እኒህ ሰውዬ ቄስ ናቸው?" አለችኝ።

"አዎ። ምነው?"

ፊቷን ትራሷ ውስጥ ቀበረች።

አበባ መስሎኝ

ዱፓታ የህንድ ሴቶች ከቀሚሳቸው ላይ ጣል የሚያደርጉት ረዥም ሻርፕ ነው፤ የነሱ ነጠላ በሉት። ይሄኛውን የገዛሁት ዲሊ ሃት ከሚባለው የዴልሂ ገበያ ነው። ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ ባለሙያዎች በየ15 ቀኑ እየተፈራረቁ የእጃቸውን ሥራ የሚሸጡበት ግቢ ነው።

ከዚያ በፊት አንዴ ተሸውጃለሁ። ሌላ ቦታ "በእጅ የተሳለ ነው" ተብዬ በ400 ሩፒ የገዛሁትን ሻርፕ ዶርም ወስጄ ረጋ ብዬ ሳየው፣ ዓሣዎቹ ሁሉ ቁርጥ አንድ ናቸው። የአንዱ ዓሣ ክንፍ ላይ ቀለም ሳይደርሰው የተቆረጠች ትንሽ መስመር አለች፤ ሌሎቹም ላይ እዚያው ቦታ ተቆርጣለች። ማተሚያ ነው። በእጁ የሚስል ሰው አንድን ዓሣ ሁለቴ አይደግመውም፤ ቢፈልግም አይችልም።

ስለዚህ ዲሊ ሃት የሄድኩት ዓሣ ቆጣሪ ሆኜ ነው። ሴትዮዋ ስልሳ ቢሆናት ነው። ሁሉም "ዲዲ" ይላታል፤ ታላቅ እህት ማለት ነው፤ እኔም እንደዚያው ልጥራት። ጉልበቷ ላይ ሰሌዳ አድርጋ እየሳለች ነበር የምትሸጠው። ዋጋ ስትጠየቅ ቀና ትላለች፣ ትመልሳለች፣ ወደ ጨርቋ ትመለሳለች። የምትከራከር ዓይነት አይደለችም።

እኔ ያነሳሁት ተሰር በሚባለው የጫካ ሐር ላይ የተሠራ ነው። ቀለሙ የደረቀ ሣር ይመስላል፤ ሲነኩት ሻከር ይላል። ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ ይሆናል። ጠርዙን ዓሣ እየተከታተለ ይዞረዋል። መሃሉ ላይ አንድ ትልቅ ክብ፣ ዙሪያውን ደግሞ ሌሎች ክቦች አሉ። በመሃላቸው ከታች እስከ ላይ አንድ ግንድ ሰንጥቆ ወጥቷል። በቀቀኖች አሉ፣ ኤሊ አለ፣ እባብ አለ፣ ግራና ቀኝ ፀሐይና ጨረቃ አሉ። በአራቱ ማዕዘን አራት ሴቶች ቆመዋል፤ ሻሻቸውን ግማሽ ፊታቸው ላይ ስበው በአንድ ዓይን ብቻ ያያሉ። ባዶ ቦታ የሚባል የለም። ሁሉም ነገር የተከበበው በአንድ ሳይሆን በሁለት መስመር ነው፤ በሁለቱ መስመር መሃል እንደ ፀጉር የቀጠኑ ሰረዞች ተደርድረዋል። ገልብጬ ጀርባውን አየሁ። እጇ ጠበቅ ያደረገበት ቦታ ላይ ቀለሙ ሰርጎ አልፏል፣ ላላ ያለበት ላይ አላለፈም።

"ይሄ መሃሉ ላይ ያለው ምንድነው?" አልኳት።

"ኮህባር" አለችኝ።

እንደገባው ሰው ራሴን ነቀነቅኩ። 3,200 ሩፒ ከፈልኩ። አበባ ነው ብዬ ደምድሜ፣ ለእረፍት ወደ አገሩ በሚገባ ተማሪ እጅ ለእናቴ ላክኩት። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ ካለመጠየቅ ምን እንደሚመጣ ግን ተረቱ አይናገርም።

ጓደኛዬ ሳቋ ሲያልቅላት አልጋዋ ላይ ተቀምጣ አስረዳችኝ። በነሱ አገር፣ ሚቲላ በሚባለው የሰሜን ቢሃር ምድር፣ ሠርግ ሲደርስ የሙሽሪት ቤት ውስጥ አንድ ክፍል ይዘጋጃል። ሙሽሮቹ የመጀመሪያዎቹን አራት ሌሊቶች የሚያሳልፉበት ክፍል ነው። በኛ ጫጉላ ቤት መሆኑ ነው። የቤቱ ሴቶች እየዘፈኑ ግድግዳው ላይ ይሄን ሥዕል "ይጽፋሉ"፤ ኮህባር ይጻፋል እንጂ ይሳላል አይሉም። ክቦቹ ውሃ ላይ የሚበቅለው የሎተስ አበባ ቅጠሎች ናቸው። ሎተሷ ሴቷ ናት አለችኝ። ግንዱ ደግሞ ቀርከሃ ነው።

"ቀርከሃውስ?" አልኩ።

ዝም ብላ አየችኝ።

"በቃ። ገባኝ።"

ነገሩ እንግዲህ ይሄ ነው። ባሏ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት የሆናት፣ ረቡዕና ዓርብ የማታጎድለው እናቴ፣ በእመቤታችን ቀን፣ በነፍስ አባቷ ፊት፣ ጫጉላ ቤት ጀርባዋ ላይ አዝላ ዳቦ ታስባርካለች። ያለበስኳት ደግሞ እኔ ነኝ።

ነጠላ ሲዘቀዘቅ

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ያስጨነቀኝ ሥዕሉ ራሱ አልነበረም። ከሁለት ወር በፊት የሆነ ነገር ትዝ ብሎኝ ነው።

መስከረም 1 ዕለት እኛ ሐበሾቹ ተማሪዎች ተሰብስበን ዶሮ ሠርተን ነበር። ለጓደኛዬ ነጠላ ሰጥቻታለሁ፤ ለብሳው መጣች። ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ፣ አንገቷ ላይ ጠምጥማ፣ እየሳቀች። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሐበሻ ሁሉ ቀጥ አለ። አንዱ ልጅ "ማን ሞቶባት ነው?" አለ በአማርኛ። እኔ ምን አደረግኩ? እንደ እሳት አደጋ ሠራተኛ ሮጬ ከላይዋ ላይ ገፈፍኩት፣ ገለበጥኩት፣ መልሼ አለበስኳት። "እንደዚህ የሚለበሰው ለለቅሶ ነው" አልኳት። ቀልቧ ተገፈፈ። ፊቷን የሚያደምቅላት ጥለቱ ስለመሰላት ነበር። ጥፋቷ ይሄው ነው፤ ከጨርቁ ሁሉ ቆንጆውን ቦታ ወደ ፊቷ ማስጠጋቷ።

ያን ቀን ራሴን እንደ ባህል ሚኒስቴር ነበር ያየሁት። አሁን ደግሞ የነሱን ጨርቅ አገላብጬ፣ ዓሣ ቆጥሬ፣ "አበባ" ብዬ የላክኩት እኔው ነኝ።

"ስገዛው አይተሽው ነበር አይደል?" አልኳት በጨለማ።

"አይቼዋለሁ።"

"ታዲያ ምነው ዝም አልሽኝ?"

"ስጦታ ነው አልሽኝ። የምታገባ ዘመድ ያለሽ መስሎኝ።"

ለእናቴ ልጻፍላት አልኩ። ጻፍኩ፣ አጠፋሁ። ድጋሚ ጻፍኩ። እንዲህ ያለ ነገር በቴሌግራም ለእናት እንዴት ነው የሚጻፈው? በመጨረሻ "አምሮብሻል እማዬ" ብዬ ላክሁና ስልኬን ደፋሁት።

ግድግዳ በፈረሰ ቁጥር

ነገሩ አልለቀቀኝም። ማንበብ ጀመርኩ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።)

የዚህ ሥዕል ታሪክ በየመጽሐፉ የሚጀምረው በመሬት መንቀጥቀጥ ነው። ጃንዋሪ 15 ቀን 1934 ቢሃርንና ኔፓልን የመታው ርዕደ መሬት ከ10,000 በላይ ሰው ፈጀ፣ የሚቲላን ቤቶች አፈራረሰ። ዊልያም አርቸር የሚባል የእንግሊዝ ሹም ጉዳቱን ሊያይ ሲዞር፣ በተናዱት ግድግዳዎች ክፍተት የውስጥ ክፍሎቹን ሥዕል አየ። ባዕድ ወንድ የማይገባበት የሴቶች ጓዳ ነው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ እንላለን፤ እዚህ ጋ የነቀነቀው መሬቱ ነው፤ ሰውየው ግን በተከፈተው በኩል ዘለቀ። ፎቶ አነሳ፣ በ1949 ጽሑፍ አወጣ። ሎተሷ ሴት ቀርከሃው ወንድ የሚለው ንባብ ከእሱ ብዕር የወጣ ነው፤ ሌሎችም እየተቀባበሉ አሰፉት። ጓደኛዬንም ስጠይቃት "ኧረ አያቴማ እንዲህ ብላ አታውቅም፤ ያነበብኩት ነው" አለችኝ። ያን ሁሉ ሳቅ ከሳቀች በኋላ!

ሁለተኛው ግድግዳ የፈረሰው በረሃብ ነው። በ1966 እና 67 ቢሃር ላይ ድርቅ ጠናና የመንግሥት የእደ ጥበብ ቦርድ ባስካር ኩልካርኒ የሚባል ሠዓሊ ወደዚያ ላከ። ላኪዋ ፑፑል ጃያካር ናት። ሐሳቡ ሴቶቹ ግድግዳ ላይ የሚጽፉትን ወረቀት ላይ ይጻፉትና እንሽጥላቸው የሚል ነው። እኛ በድርቅ ዘመን የምናውቀው ስንዴና ዘይት ነው፤ ወረቀት ይዞ የመጣ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ሴቶቹ መጀመሪያ ምን ተሰምቷቸው ይሆን እያልኩ ነበር የማነበው። ገበናቸው እኮ ነው።

ከነዚያ ሴቶች አንዷ ጋንጋ ዴቪ ናት። ባሏ ሌላ ሴት ያገባባት፣ ከዚያ በኋላ በብዕሯ ራሷን ያስተዳደረች። አሜሪካ ድረስ ተጋብዛ ሄዳ፣ እዚያ ሽቅብ ቁልቁል በሚወረወረው የመጫወቻ ባቡር ተሳፍራ፣ ተመልሳ እሱንም በሚቲላ መስመር ሳለችው። ፓድማ ሽሪ የሚባለውን የአገሪቱን ሽልማት አግኝታለች። በመጨረሻ ዘመኗ፣ በካንሰር እየታመመች፣ ዴልሂ በሚገኘው የእደ ጥበብ ቤተ መዘክር ግድግዳ ላይ ሙሉ የጫጉላ ክፍል ጻፈች። ትዳሯ እንደዚያ የሆነባት ሴት ያን ሁሉ ሎተስና ቀርከሃ እየደረደረች ምን ታስብ ነበር? በ1991 አረፈች። ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ቤተ መዘክሩ ሲታደስ ግድግዳው ጠፋ። ሰው ሁሉ ተቆጣ። እኔም አዝኛለሁ፤ ግን የመንደሩ ኮህባር ድሮም ለዘላለም አይጻፍም። ጭቃ ነው፤ ክረምት ያወርደዋል፣ ለሚቀጥለው ሠርግ እንደገና ይለቀለቃል።

ከወረቀት ወደ ጨርቅ ያለው መንገድ አጭር ነው። ሳሪ፣ ዱፓታ፣ የትራስ ልብስ። በ2017 የሚቲላዋ ከተማ የማዱባኒ ባቡር ጣቢያ ግድግዳም ተሳለ። ለኔ ከሁሉም ደስ የምትለኝ ዱላሪ ዴቪ ናት፤ ከዓሣ አጥማጆች ወገን የተወለደች፣ ሠዓሊዎች ቤት ተቀጥራ የቤት ሥራ ስትሠራ እያየች የተማረች። በ2021 እሷም ፓድማ ሽሪ ተሸለመች። በ2025 የገንዘብ ሚኒስትሯ ኒርማላ ሲታራማን በጀት ሊያቀርቡ ፓርላማ የገቡት ዱላሪ የሰጠቻቸውን ሳሪ ለብሰው ነው። ከጓዳ ተነስቶ ፓርላማ የገባ ሥዕል የእናቴ ማኅበር ቢገባ ምን ይደንቃል ልትሉኝ ትችላላችሁ። እኔም ራሴን እንደዚያ ላጽናና ሞክሬያለሁ። አልሠራልኝም።

ቀርከሃ ወደ ታች አያድግም

በዚያው ዓመት ጓደኛዬ ለበዓል ቤቷ ይዛኝ ሄደች። የበዓሉ ስም ቻት ነው። የሐበሻ ጆሮዬ የሰማው ሌላ ስለነበር "ለጫት ነው አገር ቤት ድረስ የምንሄደው?" ብያታለሁ። የፀሐይ በዓል ነው። ሴቶቹ 36 ሰዓት ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ ይጾሙና ውሃ ውስጥ ቆመው ፀሐይን ማታ ይሸኟታል፣ ጠዋት ይቀበሏታል። በዚያ ሰሞን ወደ ቢሃር በባቡር መሄድን ግን ለጠላቴም አልመኝም። ሃያ ምናምን ሰዓት፣ ለአንድ ሰው በተሠራ መኝታ ላይ ለአራት ተቀምጠን።

ከዳርብሃንጋ ማዱባኒ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ስሙ የማር ጫካ ማለት ነው ይላሉ፤ ማርም ጫካም አላየሁም፤ ያየሁት ኩሬ፣ የማንጎ ዛፍና ብዙ ሞተር ሳይክል ነው። ጂትዋርፑርና ራንቲ የሚባሉት ስመ ጥር የሠዓሊ መንደሮች እዚያው ከተማው ዳር ናቸው። ዲዲ ዕቃ ስገዛት የሰጠችኝን ካርድ ይዤ ነበር፤ ደወልንላትና ኑ አለችን።

ቤቷ ጡብና ሲሚንቶ ነው። መሬት ቁጭ ብላ፣ ጉልበቷ ላይ ያው ሰሌዳ፣ ሰሌዳው ላይ ቢጫ ዱፓታ። በእርሳስ የተነደፈ ነገር የለም። ቀለም ውስጥ እየተነከረ የሚጻፍበት የድሮ ዓይነት ብዕር አላት። በመጀመሪያ ጥቁሩን ነው የምትሰጠው፤ አንድ መስመር፣ ከጎኑ ሁለተኛ መስመር፣ ከዚያ በመሃላቸው ሰረዞቹን ቶሎ ቶሎ ቶሎ። ሰረዞቹን ስትጥል ትንፋሿን ትይዛለች። አንድ ክንፍ ይሞላል፣ ትተነፍሳለች። ድሮ ጥቁሩ ከመብራት ጥላሸት፣ ቢጫው ከእርድ ነበር አለችን። ጨርቅ ግን ይታጠባል፤ ስለዚህ አሁን በትንንሽ ጠርሙስ የሚሸጠውን የጨርቅ ቀለም ትገዛለች፣ ስትጨርስ ገልብጣ ትተኩሰዋለች። ለአንድ ዱፓታ አንድ ሳምንት ተኩል፣ እንግዳ ከበዛ ሁለት ሳምንት። እኛን እያየች ነው ይሄን ያለችው።

ሻይ ከጠጣን በኋላ ስልኬን አወጣሁ። ልቤ ይመታል። የእናቴን ፎቶ ከፍቼ ሰጠኋት።

ብዕሯን አስቀመጠች። እጇን ሳሪዋ ላይ ጠረገች። ስልኩን አራቀችው፣ አቀረበችው። ግንባሯ ተቋጠረ። ምራቷን ጠርታ አሳየቻት፤ እሷም ግንባሯን ቋጠረች። እኔ በዚህ መሃል መከላከያዬን ጀምሬያለሁ። እናቴ አላወቀችም፣ እኔም አላወቅኩም፣ አባቴ ሞቷል፣ እሷ ባለቤቷን የቀበረች ሴት ናት፣ የሃይማኖት ሰው ናት፣ ማንንም ለመሳደብ አይደለም... ጓደኛዬ እየተርጎመች፣ እየተርጎመች፣ መሃል ላይ ዲዲ እጇን አነሳች።

"ገልብጣዋለች" አለች።

ስልኩን ተቀብዬ አየሁ። እውነትም። የቀርከሃው ጫፍ ወደ ወለሉ ይጠቁማል። ፀሐይና ጨረቃ እናቴ ወገብ ላይ ናቸው። ይሄን ፎቶ ምናልባት መቶ ጊዜ አይቼዋለሁ። ሎተሱን አይቻለሁ፣ ቀርከሃውን አይቻለሁ፣ ቄሱን አይቻለሁ፣ ሐፍረቴን አይቻለሁ። ተዘቅዝቆ መለበሱን አላየሁም። ነጠላ ተዘቀዘቀ ብዬ ሰው ያስደነገጥኩት እኔ!

"ቀርከሃ ወደ ታች አያድግም" አለች ዲዲ። ተነስታ የእኔኑ ሻርፕ ከአንገቴ ወሰደችና ላይና ታቹን እያሳየች ትከሻዬ ላይ አስተካከለችው። አስተካከለችኝ ማለት ይሻላል።

ስለ ቀርከሃው ያን ጊዜ ነው የጠየቅኳት። ወንድና ሴት ነው ይባላል፣ እውነት ነው? አፏን በሳሪዋ ጫፍ ሸፍና ሳቀች። ባንስ ቀርከሃ ነው፣ ቫንሽ ደግሞ የዘር ሐረግ፤ በነሱ አፍ ሁለቱ ቃላት አይራራቁም። አንድ ትተክያለሽ፣ ሳታስቢው ግቢው ይሞላል፣ አለችኝ። ቤተሰብ ነው። "የተማሩት ሌላውን ይላሉ። እነሱም አልተሳሳቱም፤ ያ ባይኖር ግቢው በምን ይሞላል?"

ከዚያ ከጀርባ ወዳለው ክፍል ወሰደችን። የልጇ ሠርግ የተደረገበት ነው። ሮዝ የተቀባ ግድግዳ ላይ ኮህባሩ እስካሁን አለ። ሎተሶቹ ሥር ሁለት ጆንያ ሩዝ ተደርድሯል፣ ከቀርከሃው ጎን የጋዝ ሲሊንደር ቆሟል። አራቱ አንድ ዓይና ሴቶች ከየማዕዘናቸው ሩዙን ይጠብቃሉ። ናይና ጆጊን ይባላሉ፤ ሥራቸው ሙሽሮቹን ከክፉ ዓይን መጠበቅ ነው።

"አንቺ ነሽ የጻፍሽው?" አልኳት። እጇ ያረፈበት መስሎኝ ነበር።

"አይደለሁም።"

ዝም አለች፣ ከዚያ ነገረችን። ባሏ የሞተው ከዚያ ሠርግ በፊት ነው። በነሱ ቤት የሠርጉን ኮህባር ባሏ የሞተባት ሴት አትነካም፤ ባላቸው ያለ ሴቶች ናቸው የሚጽፉት። የገዛ ልጇ ሠርግ ቀን በር ላይ ቆማ፣ እግሯን ወደ ውስጥ ሳታስገባ፣ "እዚያ ጋ ቀጠን አድርጊው፣ እዚህ ጋ ዓሣ ጨምሪ" እያለች ምራቷንና ጎረቤቶቿን ስታሠራ ዋለች።

"ግድግዳ ላይ አልጽፍም" አለች። "ጨርቅ ላይ ግን እጽፋለሁ። ጨርቁን ማንም አይከለክለኝም።"

ስልኬን ደግማ ጠየቀችኝ። እናቴን እንደገና አየቻት፤ አሁን ሥዕሉን ሳይሆን ሴትየዋን። ስንት ዓመት ሆናት አለችኝ። ዘጠኝ አልኳት። እሷ አሥራ አንድ።

ጓደኛዬ እዚህ ጋ ምንም አልተረጎመችም። ቁጥሩን በጣት ነው የተነጋገርነው።

"ዘቅዝቄ?"

አዲስ አበባ የገባሁት ትምህርቴን ጨርሼ ነው። ሁለተኛ ቀን ላይ፣ ቡናው ቶና እያለ፣ ሁሉንም ነገርኳት። ህንድ የሚባል ነገር ሲነሳ እናቴ ደስ ይላታል፤ ሁለተኛ ደረጃ ሂሳብ ያስተማሯት ህንዳዊ ነበሩና አሁንም ድረስ አነጋገራቸውን እየቀዳች ታስቀናለች።

"ጫጉላ ቤት?" አለች።

"ጫጉላ ቤት።"

"በአባ ፊት?"

"በአባ ፊት እማዬ።"

ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አለቀሰች ብዬ ስደነግጥ፣ ለካ ሳቅ ነው። ሲኒው እጇ ላይ እየተንቃጨለ ሳቀች። እንባዋን ጠረገችና ወደ አባቴ ፎቶ ዞር ብላ "ምነው ይሄን አንተ ባለህ ጊዜ በላከችልኝ!" አለች። እኔ መግቢያ አጣሁ።

አንድ ዓይና ሴቶቹን ጠየቀችኝ። ለክፉ ዓይን ነው አልኳት። "ለቡዳ ነው? ጥሩ፣ ጥሩ" አለች፤ ለእሷ ያ ብቻ የዋጋውን ግማሽ ይመልሳል። የሠራችው ሴትዮ ባል አላት ወይ አለችኝ። ሞቷል አልኳት፤ በር ላይ ቆማ ያሠራችውን ነገርኳት። ቡናዋን አስቀመጠች። "እግዜር ያጥናት" አለች፤ ከዚያ በላይ አልተናገረችም፤ ግን ሁለተኛውን ስኒ ስትቀዳ እጇ ዘገየ።

ከዚያ ነው ቀለል አድርጌ፣ ሳላስብበት፣ "አንድ ነገር ብቻ ቅር ብሏታል፤ ዘቅዝቀሽው ነበር" ያልኳት።

ፊቷ ተለዋወጠ።

"ምን? ዘቅዝቄ?"

"ፀሐይቱ ከላይ ነው መሆን የነበረባት..."

"በማርያም ቀን? ቤቴ ሰው ጠርቼ? ዘቅዝቄ?" ጫጉላ ቤቱን ስቃ ያለፈችው ሴት አሁን ተንፈራገጠች። "ማኅበርተኛው ሁሉ አየኝ! አንቺ ደግሞ 'አምሮብሻል' ትይኛለሽ!"

ለህንዱ ጨርቅ መዘቅዘቅ ማለት ሐዘን እንዳልሆነ ላስረዳት ሞከርኩ። አልሰማችኝም። ተነስታ መኝታ ቤት ገባች፣ የቁም ሳጥኑ በር ሲንቋቋ ሰማሁ። ዱፓታውን ይዛ ወጣች፤ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ነው ያስቀመጠችው። መስኮቱ ጋ ሄዳ ዘረጋችው። መነጽሯን አድርጋ ጨረቃዋን ፈለገች፣ ፀሐይቱን አገኘች፣ በጣቷ ይዛት ቆየች፣ ጨርቁን አዞረችና ደረበችው። ጀርባዋን ሰጠችኝ።

"አሁንስ?"

ቀርከሃው ወደ ማጅራቷ ሽቅብ ወጥቷል። "ልክ ነው" አልኳት።

በዚያ ወር በ21 ተራው የጎረቤታችን ነበር። እናቴ ነጠላዋን አጥፋ ክንዷ ላይ አንጠልጥላ፣ ዱፓታውን ደርባ ወጣች። የግቢውን በር ከፍታ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመች፤ ዞር ሳትል፣ "ፀሐይቱ ከላይ ናት አይደል?" አለችኝ።